ማኮብኮቢያው ላይ ነበርን

ፉሚዬ ናራኦካ በዕድሜዋ ብዙ ሰው አኩርፋለች፣ ብዙ ነገርም ታግሳ አልፋለች። እስከ መጨረሻው የጠላችው ግን አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ነበር» ነው።

በሰሜን ጃፓን ባለችው በቶራሳዋ ሰው የት እንዳለ ሲጠየቅ «እዚህ ነኝ» አይልም፤ «እዚህ ነበርኩ» ይላል። ስልክ ሲያነሳ «ናራኦካ ነበርኩ» ይላል። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ «ሰዎች፣ ነበራችሁ?» ብሎ ሲጣራ፣ ከውስጥ «ነበርን፣ ግባ!» ይሉታል። የሞተም የሄደም የለም። የሰሜን ሰው ያለውን እንደ ነበረ አድርጎ መናገር ስለሚቀናው ነው። «ነኝ» ማለት ደረት መንፋት ይመስለዋል። «ነበርኩ» ሲል ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል፤ ለሚሰማው ሰው ቦታ ይለቃል። ስለ መኖር ብዙ የተፈላሰፉ ሰዎች አሉ፤ መኖሩን እንዲህ በይቅርታ መልክ የሚናገር ሕዝብ ግን ብዙ አይገጥምም።

ፉሚዬ ቃሉን ከአፏ ያወጣችው በወጣትነቷ፣ የበረራ ተቆጣጣሪነት ልትማር ኦሳካ በወረደች ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች መኖሪያውን ስልክ አንስታ፣ «ሃሎ፣ ናራኦካ ነበርኩ» አለች። ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ፣ «አሁንስ ማን ሆንሽ?» አላት። ቀልዱ በአንድ ቀን ሕንፃውን አዳረሰ። ምግብ ለመቀበል ስትሰለፍ «ዞር በሉ፣ ነበርኩ መጣች!» ይሏት ጀመር። እሷም ሳቀች፤ ማታ ማታ ግን ንግግሯን እንደ ምስር ዘርግታ ለቀመችው። ጠጠሩ ሁሉ ሲወጣ በቋንቋዋ ውስጥ ከቶራሳዋ የቀረ ምንም አልነበረም።

ሙያው ለእንዲህ ያለ ሰው የተፈጠረ ነው። በመቆጣጠሪያ ማማ ላይ አብራሪው «ሰምቻለሁ» ቢል አይበቃም። የታዘዘውን ቃል በቃል መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው ይሰማል፤ የተዛባ ካለ ያርማል። «ገብቶኛል» የሚባል ነገር የለም። የሰው ልጅ ከተሳሳተባቸው ቀኖች አብዛኛዎቹ የሚጀምሩት «ገብቶኛል» ከሚለው ነው ብላ ታምናለች። በደቡብ ደሴቶች ላይ ዓመታት ሠራች። ትዳርም ሞከረች። ባሏ ገር ሰው ነበር፤ «ወተት ገዝተህ ና» ብላው «እሺ» ሲል፣ «ምን ገዝተህ?» ብላ ታስደግመዋለች። በመጨረሻ፣ «ፉሚዬ፣ ካንቺ ጋር ማውራት በየቀኑ ፈተና መቀመጥ ነው» ብሏት በሰላም ተለያዩ።

እናቷ ስትሞት ዝውውር ጠይቃ ቶራሳዋ ተመለሰች። አባቷ ዜንጎ ከፖም ዛፎቹ ጋር ብቻውን ቀርቶ ነበር። በበጋ ገበሬ ነው፤ ክረምት ሲገባና ዛፎቹ በረዶ ሥር ሲተኙ ደግሞ እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ገበሬዎች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በረዶ ይጠርጋል። ጠራጊ መኪኖቹ ሰልፍ ሠርተው፣ አውሮፕላን ከሚነሳበትና ከሚያርፍበት ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳሉ። ፊት የሚነዳው ዜንጎ ነው። ከማማው ጋር የሚነጋገርበት ማይክም በእሱ እጅ ነው፤ ያችን ማይክ ለስንት ክረምት እንደያዘ እሱም አይቆጥረውም።

ፉሚዬ ሥራ በጀመረችበት የመጀመሪያው በረዶ ቀን፣ ነገሩ እንዴት ሳይፈነዳ እንደኖረ ገባትና ጀርባዋን በረዳት። ከአብራሪዎቹ ጋር የሚወራው በእንግሊዝኛ ነው። ከጠራጊዎቹ ጋር የሚወራው ግን በአገር ቋንቋ፣ ያውም በቶራሳዋ አፍ ነው። በረዶው ሲከብድ ከማማው መስኮት ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው፤ መኪኖቹ የት እንዳሉ የሚታወቀው እነሱ ሲናገሩ ነው። እስከዚያ ዓመት ወንበሩ ላይ ሲፈራረቁ የኖሩት ተቆጣጣሪዎች አንድም የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ፤ አንድም ብዙ ዘመን ቆይተው ጆሯቸው የለመደ። መመሪያው ላይ «ማኮብኮቢያውን ለቀናል» የሚባል የታወቀ ቃል አለ። ሳይባል ስንት ክረምት አለፈ።

በዚያው ዓመት ዴጉቺ የሚባል የኦሳካ ልጅ ተመደበ። ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ ሥራውን የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ፉሚዬን «እትዬ» ይላታል።

በታኅሣሥ አንድ ረፋድ ላይ ዴጉቺ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ፉሚዬ ሻይ ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነው። በረዶው እንደ ተቀደደ ትራስ ይወርዳል። አንድ አውሮፕላን ለማረፍ እየቀረበ ነው። ዴጉቺ ማይኩን ያዘ።

«ጠራጊ አንድ፣ ማማ ነው። የት ናችሁ?»

የዜንጎ ድምፅ ተዝናንቶ መጣ። «ማማ፣ ጠራጊ አንድ። ጠርገን ጨረስን። ማኮብኮቢያው ላይ ነበርን።»

«እሺ፣ ተቀብያለሁ» አለ ዴጉቺ፤ ወደ ሌላው ማይክ ዞሮ አውሮፕላኑን በስሙ ጠራ፤ በእንግሊዝኛ የማረፊያ ፈቃዱን መስጠት ጀመረ።

ፉሚዬ ሻዩን ለቀቀችው። «ላይ ናቸው! መልሰው! ላይ ናቸው!»

ዴጉቺ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ጥሩ ተቆጣጣሪ ስለሆነ። ፈቃዱን መሃል ላይ ቆርጦ አብራሪው ማረፉን ትቶ ተመልሶ እንዲወጣ አዘዘ። ከነጩ ግድግዳ ውስጥ የሞተሮቹ ጩኸት መጣ፤ መስኮቱን አንዘፈዘፈው፤ ከዚያ ወደ ላይ ራቀ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ማማ፣ ጠራጊ አንድ። አንድ ነገር በላያችን አለፈ እኮ። ሊያርፍ ኖሯል እንዴ?»

ዴጉቺ ፊቱ እንደ ወረቀት ሆኗል። «ነበርን ነው ያለኝ! ሰምተሻል፣ ነበርን! ነበርን ካለ ወጥቷል ማለት ነው! በየት አገር ነው ነበርን ማለት ነን የሚሆነው?»

«እዚህ አገር» አለች ፉሚዬ። «አንተስ? ‹ለቀናል› ብሎሃል?»

«አላለም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… ገባኝ ብዬ።»

በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። የማማው ኃላፊ ሃናዋ፣ ጡረታው የተቃረበ፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው፣ የሩዝ ብስኩት በሳህን አቀረበ። ከማረፊያው አስተዳደር አንድ ሰው መጣ። ዜንጎም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፉሚዬ የሆነውን አስረዳች። ከጠራጊዎቹ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው አለች፤ «ላይ ነን» ወይም «ለቀናል»። እሱን የማይል ሰው ማይክ መያዝ የለበትም። ይህን ስትል አባቷን አላየችም።

«ደግነቱ ምንም አልደረሰም» አለ የአስተዳደሩ ሰው።

«ሊደርስ ነበር» አለች ፉሚዬ።

«እሱ እንኳ ልክ ነሽ። ግን አልደረሰም።»

ሃናዋ ብስኩቱን ገመጠና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ ዜንጎ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ምን እላለሁ» አለ ዜንጎ። «ያለሁበትን ተጠየቅኩ፣ ያለሁበትን ተናገርኩ። የኦሳካው ልጅ አልገባውም፤ አልፈርድበትም፣ እንግዳ ነው። ልጄ ግን ደረጃ ላይ ሆና፣ ሻይ ይዛ፣ ገባት። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ሃናዋ እፎይ ያለ መሰለ፤ መውጫ በር እንደተከፈተለት ሰው። «ይኸው መፍትሔው! በረዶ በሚጥል ቀን ፉሚዬ ወንበሩ ላይ ትቀመጥ። አለቀ።»

«ቃሉ እኮ መመሪያው ላይ አለ» አለች ፉሚዬ። ድምፅዋ መጥበቡ ለራሷም ተሰማት።

«አለ። ማን የለም አለ? መመሪያ መመሪያ ነው፤ ሰው ደግሞ ሰው ነው» አላት ሃናዋ፤ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

ቤት ስትገባ አባቷ የጨው ዓሣ እየጠበሰ ነበር። ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ‹ላይ ነን› በል። አንዴ ብቻ።»

«ምን ላይ?»

«የፈለግከው ላይ! ማኮብኮቢያው ላይ።»

«እኔ አሁን ምድጃው ፊት ነበርኩ።»

«አየህ? ‹ነበርኩ› አልክ!»

ዜንጎ ዓሣውን ገለበጠ፤ ምድጃውን አየ፤ እግሩን አየ። «ታዲያ አልነበርኩም?»

ፉሚዬ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«‹ነን›፣ ‹ነን›!» አለ ዜንጎ፤ አፉን አሹሎ። «እንደ ቶኪዮ ሚኒስትር! እኔ በዚህ አፍ ፖም ሸጬበታለሁ፤ እናትሽን ለምኜበታለሁ፤ አንቺን እሹሩሩ ብዬበታለሁ። ማንንም አልገደልኩም።»

«እስካሁን!»

«ያልገባው ይማራ! እኔ በእርጅናዬ አፌን ላስገርዝ?»

«ነገ እኔ ብታመምስ?»

«አትታመሚም። ጉንፋን እንኳ ካንቺ ጋር መከራከር አይፈልግም።» ዓሣውን በሳህን አድርጎ ሰጣት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ለፉሚዬ አንድ ረጅም ቀን ሆነባት። በረዶ በጣለ ቁጥር ትጠራለች። የዕረፍት ቀኗ ነው፣ ትጠራለች። የእናቷን መቃብር ልትጠርግ ወጥታ፣ አካፋውን ጥላ ትመጣለች። ዴጉቺ ደረጃው ላይ ስትታይ «አስተርጓሚያችን መጣች!» ብሎ ወንበሩን ይለቅላታል። ዜንጎ «እዚህ ነበርን» ይላል፣ «እዚያ ነበርን» ይላል፤ እሷ ይገባታል። ስለሚገባት ማንም ምንም አይለውጥም። ዴጉቺ የቶራሳዋን አፍ አይለምድም፤ ለምን ብሎ? ዜንጎ አፉን አያርምም፤ ለምን ብሎ? ሃናዋ በየሳምንቱ «ይኸው፣ አንድም ችግር አልገጠመንም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

አለመግባባት አደጋ ነው ሲባል እንሰማለን። መግባባትም አደጋ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን የለም። የተናገረውን ሰምቶ የሚረዳለት ሰው ያገኘ ተናጋሪ ንግግሩን አያቃናም፤ ጠማማውን አድማጩ በልቡ ያቃናለታልና። እንዲህ እንዲህ እያለ የአንድ አገር ሰላም በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። ሁሉም ጆሮውን ያመሰግናሉ፤ እንደ ጆሮ ግን የሚደፈን ነገር የለም።

ጥር መጨረሻ ላይ ጉንፋኑ ደፈራት። ትኩሳቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ጭው ይላል። አባቷ በሬዲዮው የሆነ ቦታ ላይ «ነበርን» አለ፤ ቦታው ማኮብኮቢያው ይሁን መውጫው ግን አልለየችም። አስደገመችው። አሁንም አልለየችም። ሦስተኛ ጊዜ ሲናገር የራሷ ልብ ምት ከድምፁ በላይ ይሰማት ነበር። ያኔ አንድ ነገር ቆረጠች። ከእንግዲህ ወዲያ አይገባኝም አለች።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ጆሮዋ ተከፈተ፤ ልቧ ግን እንደተዘጋ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ ወረደ። ከቶኪዮ የመጣ አውሮፕላን ለማረፍ እየቀረበ ነው። ዴጉቺ አጠገቧ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ጠራጊ አንድ፣ ማማ። የት ናችሁ?»

«ማማ፣ ጠራጊ አንድ። ጨረስን። መውጫው ላይ ነበርን።»

ገባት። ቁልጭ ብሎ ገባት። መኪኖቹ ተራ በተራ መውጫው ላይ ቆመዋል፤ ማኮብኮቢያው ተጠርጎ ባዶውን ተዘርግቷል። አባቷ አሁን በግራ እጁ መስታወቱን እየጠረገ መሆኑን ሳይቀር ታውቃለች።

«ጠራጊ አንድ፣ አልገባኝም። ማኮብኮቢያውን ለቃችኋል?»

«ለቀን ነበር።»

«‹ለቀን ነበር› ማለት ምን ማለት ነው? ለቃችሁ ተመልሳችሁ ገባችሁ?»

በሬዲዮው ውስጥ ከኋላ ካሉት መኪኖች የአንዱ ሹፌር ሳቅ አመለጠው። ዜንጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማዕድ ላይ እንደሚያናግራት አድርጎ፣ «ምን ነካሽ፣ ልጄ?» አላት።

«ማማው ልጅ የለውም» አለች ፉሚዬ። «እባክዎ መልሱን በትክክል ይስጡ።»

ዴጉቺ ሻዩን አስቀመጠ። «እትዬ! ገብቶሻል እኮ!»

«አንተስ? ገብቶሃል?»

«እ… ወጥተዋል መሰለኝ።»

«‹መሰለኝ› ላይ ነው ይህን ሁሉ ሰው የማሳርፈው?»

ካፒቴኑ ፈቃድ ጠየቀ። ፉሚዬ ማረፉን ትቶ እንዲወጣና ዞሮ እንዲመጣ አዘዘችው። ያዘዘችውን መልሶ ደገመ፤ ድምፁ የተረጋጋ ነው። ከደመናው በላይ ዞሮ ሲመጣ ያለውን ጊዜ ሁሉ ሬዲዮውን ስታይ ቆየች። አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው። ሃናዋ ስልክ ደወለ፤ አላነሳችም። በረዶው ተጠርጎ ባለቀው ማኮብኮቢያ ላይ እንደገና መተኛት ጀመረ። ካፒቴኑ ተመልሶ ቀረበና ማኮብኮቢያው ክፍት መሆኑን ጠየቀ።

«ጠራጊ አንድ፣ ማኮብኮቢያውን ለቃችኋል?»

ዝም።

አባቷ ማይኩን በእጁ እንደጨበጠ ታውቃለች። ግትርነቱንም ታውቀዋለች፤ የራሷም ከዚያው የተቀዳ ነው። ሁለት ሰዎች ባዶ ማኮብኮቢያ መካከላቸው አድርገው፣ ባዶ መሆኑን ሁለቱም እያወቁ፣ አንዱ አልናገርም አንዷ አልሰማም ብለው ተቀመጡ። ካፒቴኑ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ወጣ። ነዳጁን አስልቶ ከተራራው ማዶ ወዳለው ማረፊያ ለመሄድ እንደወሰነ አሳወቀ። ፉሚዬ መንገዱን ሰጠችው። ድምፁ ከሬዲዮው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው ሬዲዮው የተንኮሻኮሸው።

«ማማ። ጠራጊ አንድ። ማኮብኮቢያውን ለቀናል። ሁሉም መኪኖች ከማኮብኮቢያው ውጭ ናቸው።»

ድምፁ ክፍል ፊት ቆሞ እንዲያነብ የታዘዘ ሕፃን ድምፅ ይመስል ነበር። ቃሎቹ አንዱ ከአንዱ አይነካካም። እንዲህ ሲናገር በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

«ጠራጊ አንድ፣ ተቀብያለሁ። አመሰግናለሁ» አለች። ማይኩን አስቀመጠች፤ ዴጉቺ ፊቱን አዞረ።

ሃናዋ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «አንድ ጥያቄ ብቻ! ገብቶሽ ነበር ወይስ አልገባሽም?»

«መመሪያው የተባለውን እንጂ የገባኝን አይጠይቀኝም።»

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ!»

«እንግዲያው ታኅሣሥ ላይ ለምን አልጠየቁኝም?»

ሃናዋ መመሪያውን ገለጠ፤ መልሶ ከደነው። ሊቀጣት አልቻለም፤ መመሪያው ከእሷ ወገን ነው። ሊያመሰግናትም አልቻለም። ፉሚዬን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ አውሮፕላን በሰዎች ራስ ላይ ሊያርፍ ከደረሰ በኋላ ስብሰባ ላይ ብስኩት ሲበላ የነበረው የአስተዳደሩ ሰው፣ አሁን ተሳፋሪዎቹን በተራራ መንገድ በአውቶቡስ ማጓጓዝ ግድ ሲሆንበት በማግስቱ ከተፍ አለ። ጎረቤቷ ሳዋ ከልጇ ዘንድ ስትመለስ እዚያ አውሮፕላን ላይ ነበረች፤ ጠመዝማዛው ላይ ሦስቴ አስመልሷት እንደነበር መንደሩን ዞራ ተናገረች። ሰው ለሞት መቃረቡ ያላንቀሳቀሰውን ቢሮ የሰው ምሬት አንቀሳቀሰው። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱ ቃላት በየመኪናው ውስጥ በትልቁ ተጽፈው ተለጠፉ። የማይላቸው ማይክ እንደማይዝ ታዘዘ። ፉሚዬ የለመነችው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ሆነላት። «ልክ ነበርሽ» ያላት ግን የለም፤ «በአንቺ ምክንያት» ያሏት ብዙ ናቸው።

ዜንጎ ማይኩን ያስረክባል ብለው የጠበቁ ነበሩ። አላስረከበም። ቃላቱን ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም አጥርቶ የተናገረው እሱ ነው። «ላይ ነን።» «ለቀናል።» ዴጉቺ እንኳ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲሰማው፣ «እትዬ፣ አባትሽ የዜና አንባቢ ሆነዋል!» አላት። የዕረፍት ቀኗ ተመለሰላት። ተኛች።

ቤት ግን ሌላ ነገር ተጀመረ።

የዚያ ሰኞ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ አባቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለና ወገቡን ጎንበስ አደረገ። «እንኳን ደህና መጡ። እራት ቀርቧል።»

ፉሚዬ ሳቀች። «አባዬ፣ ተው አሁን።»

«ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።»

ቀልድ መስሏት በማግስቱ ይተዋል ብላ ጠበቀች። በሳልስቱም ጠበቀች። ዜንጎ አልተቆጣም፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ዓሣውን ይጠብስላታል፤ ጫማዋን ከበረዶ ያራግፍላታል። ንግግሩ ግን የትምህርት ቤት ንግግር ሆነ፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ግሱ ሁሉ በቦታው። «ነገ በረዶ ይጥላል።» «መታጠቢያው ሞቋል፤ ይግቡ።» «እኔ ልተኛ ነው፤ ደህና ይደሩ።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታናግረኝ?» አለችው አንድ ቀን፤ የምትበላበትን ጥንድ እንጨት ወርውራ።

«በትክክል እንድናገር ታዝዣለሁ።»

«በሬዲዮ! በሬዲዮ ላይ ነው ያልኩህ!»

«ሬዲዮው ላይ ያሉት ማን ነበሩ? እርስዎ አይደሉም?» አለ ዜንጎ። አኩርፎ አልነበረም፤ በእውነት የሚጠይቅ ይመስላል። «እኔ አንድ አፍ ነው ያለኝ። ለማማው ሌላ፣ ለቤት ሌላ የሚሆን አላሳደግኩም። እርስዎ ተምረዋል፤ ሁለት አለዎት።»

ፉሚዬ ሁለት እንደሌላት ልትነግረው ፈልጋ ነበር። አንዱን በወጣትነቷ ለቅማ እንደጣለችው ልትነግረው ፈልጋ ነበር። ግን እንዴት አድርጋ? ያንን ለመናገር የሚሆነው አፍ ያ የተጣለው ነው።

ጎረቤቷ ሳዋ መንገድ ላይ ያዘቻት። «ስሚኝማ፣ አባትሽን ምን አደረግሽው? ትናንት ደጃችሁ ቆሜ ‹ነበራችሁ?› ብል፣ ‹አዎ፣ ቤት ውስጥ ነኝ› አይለኝም? ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ልመለስ ስል ነው መልኩን ያየሁት። የታመመም እንደሆነ ንገሪኝ!»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ታረመ» አለች ፉሚዬ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ልክ እንደነበረች አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። ያ ቃል እንዳለ ቢቀጥል አንድ ቀን ሰው ይገድል ነበር፤ ይህ የታወቀ ነው። ልክ መሆን ግን የሚያሞቅ ነገር አይደለም፤ ልክ የሆነ ሰው ሁሉ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚያናድዳት ይህ እንኳ አልነበረም። የሚያናድዳት የምትቆጣው ሰው ማጣቷ ነው። ሃናዋን እንዳትቆጣ፣ የጠየቀችውን አድርጓል። አባቷን እንዳትቆጣ፣ የጠየቀችውን፣ ከጠየቀችውም በላይ፣ አድርጓል።

መጋቢት ሲገባ በረዶው መንደሩ ላይ እንደ አሮጌ ፍራሽ ጎደጎደ፤ ዛፎቹ ጥቁር ቅርንጫፋቸውን አወጡ። አንድ ቀትር ላይ ፉሚዬ ከማማው ቀደም ብላ ተመለሰች። የአባቷ ጫማ በሩ ላይ የለም። ቤቱ ውስጥ የለም። የእግሩ ዱካ ወደ ፖም መጋዘኑ ይሄዳል። በዱካው መሃል ቆመች። ለብዙ ዓመታት ያልነካችውን ቃል ከየት እንዳወጣችው ሳታውቅ፣ እናቷ ስትጣራ እንደነበረው አስረዝማ ተጣራች።

«አባዬ! የት ነበርክ?»

ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ተንሸራተተባት፤ አልተመቻትም። ቢሆንም ወጣ። ጠበቀች።

መጋዘኑ ውስጥ የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ዜንጎ ምናልባት አመነታ ይሆናል፤ ምናልባት መጋዙን እያስቀመጠ ይሆናል።

«መጋዘኑ ውስጥ ነኝ» አለ።

ጥርት ያለ ነበር። ቦታውም ልክ ነው፤ ግሱም ልክ ነው። ፉሚዬ በሚሟሟው በረዶ ላይ ቆማ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸችው፤ የምታርመው ምንም አልነበረም።